ጓንቱን ማን ያጥልቅ?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። የዲኤስቲቪ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በቆላው ሙቀት ላይ የሰዉ ትንፋሽ ሲጨመርበት ቤቱ ምድጃ ይሆናል። በር ላይ የቆመው ልጅ የመግቢያ ይቀበላል፤ ለውዝ የምትሸጥ ልጅ በአግዳሚዎቹ መሀል ትሽሎከለካለች። ያን ዕለት ስክሪኑ ላይ የነበረው ማንቸስተርም አርሰናልም አልነበረም። አዞዎቹ ነበሩ፤ አርባ ምንጭ ከተማ።

ለእንግዳ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ከተማዋ ስታዲየም አላት፣ ክለቡ የከተማዋ ነው፣ ደጋፊው እዚሁ ነው፤ ጨዋታው ግን የሚካሄደው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌቪዥን ስርጭት ካገኘ ወዲህ ክለቦች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበት ውድድር ሆኗል። ስለዚህ የሲቀላ ልጅ የራሱን ክለብ የሚያውቀው ማንቸስተርን በሚያውቅበት መንገድ ነው፤ ከፍሎ ገብቶ፣ በስክሪን።

ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጉልበቱ ላይ ጓንት አስቀምጧል፤ የቀኝ እጁ አውራ ጣት በፕላስተር ተጠግኗል። ሌላው ሁሉ ኳሷን ይከተላል፤ እሱ ግን ኳሷ የትም ትሁን ዓይኑ በረኛው ላይ ነው። የተጋጣሚው ክለብ በረኛ ከውጭ አገር የመጣ ነበር። ከመስመር የተሻማ ኳስ ለመልቀም ሲወጣ የልጁ ትከሻ አብሮ ይነሳል፤ ሲያቅፋት አብሮ ያቅፋል። በእረፍት ሰዓት በረኛ እንደሆነ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ስክሪኑ ጠቁሞ፣ «ጋሼ፣ ትልቅ በረኛ ግን ከውጭ ነው አይደል የሚመጣው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን መልስ ፍለጋ ነው።

የውጭ ዜጋ ተጫዋቾች ጉዳይ በአገራችን እግር ኳስ የቆየ ክርክር ነው። በየክረምቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት ይነሳል፣ ውድድር ሲጀመር ይረሳል። ፌዴሬሽኑም፣ ኋላም ሊጉን የተረከበው አክሲዮን ማኅበር ቁጥሩን ለመገደብ ደንብ ሲያወጡ ቆይተዋል። ክርክራችን ግን ሁልጊዜ በቁጥሩ ዙሪያ ነው፤ አምስት ይሁን፣ ሦስት ይሁን። የትኛው ቦታ ላይ ይሰለፉ፣ በእነሱ ፋንታ ማን ተቀመጠ፣ የተቀመጠው ልጅስ ምን ሆነ የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የበረኛው ቦታ ያሳስበኛል።

ምክንያቱም በረኛ እንደሌላው አይደለም። አጥቂ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢጀምር በ70ኛው ደቂቃ ይገባል፤ ተከላካይ ቦታ ቢያጣ ወደ መስመር ወጥቶ ይሰለፋል፤ አማካይ ሦስት አራት ዓይነት ሚና አለው። የበረኛ ቦታ አንድ ነው። ዋናው በረኛ ካልተጎዳ ወይም ቀይ ካላየ ሁለተኛው አይገባም። በ16 ክለብ ሊግ አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ 2,700 ደቂቃ ማለት ነው። ዋናው በረኛ የውጭ ዜጋ ከሆነ ኢትዮጵያዊው ልጅ ያንን 2,700 ደቂቃ ሙሉውን ከመስመር ውጭ ሆኖ ያየዋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ከተቀመጠ 22 ዓመት የነበረው 24 ይሞላዋል፤ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ደግሞ በትልቅ ጨዋታ ላይ አንድም ጊዜ ያልተፈተነ ሆኖ ይመጣል።

ስም ልጥቀስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት በዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ተጠበቀ። ከእሱ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ መጣ፤ ከማታሲ በኋላ ሌላ ዩጋንዳዊ፣ ቻርልስ ሉክዋጎ። ሦስቱም የተዋጣላቸው በረኞች ነበሩ፤ ማንንም አልበደሉም። ማታሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ግብፅ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ የኬንያ ብሔራዊ ቡድን ቁጥር አንድ በረኛ ነበር፤ ያኔ የሚጫወተው ለጊዮርጊስ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር አልነበረችም። የእኛ ሊግ በደመወዙ፣ በልምምዱና በሳምንታዊ ጨዋታው ለናይሮቢ በረኛ አዘጋጅቶ ላከ ማለት ነው። ኬንያውያን በዚህ ሊያመሰግኑን ይገባል፤ እኛ ግን ራሳችንን መጠየቅ ነበረብን።

በጥር 2005 ዓ.ም. የሆነውን ያላስታወሰ የኳስ ወዳጅ የለም። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው የሰውነት ቢሻው ቡድን ከዛምቢያ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። በሦስተኛው ጨዋታ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ሲሳይ ባንጫም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ተሰናበተ። ቅያሪው አልቆ ነበር። አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ቪክተር ሞሰስ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ሊያድን መስመር ላይ ቆመ። ሁለቱ ቀይ ካርዶች የመጡት በውጭ በረኞች ምክንያት ነው ልል አልችልም፤ እንዲያ ማለት ሐሰት ይሆናል። ከግብ ክልል መቼ መውጣት፣ መቼ መቆየት እንደሚገባ ማወቅ ግን ከመጽሐፍ የሚገኝ እውቀት አይደለም። በጨዋታ ብዛት፣ በስህተት ብዛት ነው የሚገኘው። ስህተት የሚሠራበት ሜዳ ያላገኘ በረኛ ስህተቱን የሚሠራው አህጉር ሙሉ በሚያየው ጨዋታ ላይ ይሆናል።

ክለቦቹ ለምን የውጭ በረኛና የውጭ አጥቂ እንደሚያመጡ አውቃለሁ፤ ምክንያታቸው ሰነፍ ምክንያት አይደለም። አሠልጣኝ አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ ይባረራል። ከሚባረር አሠልጣኝ የ19 ዓመት በረኛ አሰልፎ እንዲያሳድግ መጠበቅ ከባድ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ደግሞ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ሊጉ ላይ መቆየት የከተማው ክብር ነው፤ መውረድ ደግሞ የከንቲባው ራስ ምታት። ተጫዋች ሸጦ ገንዘብ የማግኘት ልማድ ስለሌለ ወጣት ማሳደግ በሂሳብ መዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ አይታይም፤ ወጪ ብቻ ነው።

የመጡት ተጫዋቾችም ሥራቸውን ሠርተዋል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ከእሱ በፊት ሳሙኤል ሳኑሚ፣ ከእሱ በኋላ ቶጓዊው ኢስማኤል ኦሮ አጎሮ በዚሁ ሊግ የግብ አግቢነቱን ክብር ወስደዋል። ጊዮርጊስ በ2017 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን መረቡን የጠበቀው ኦዶንካራ ነበር። ይህን ክዶ ስለ ገደብ መጻፍ አይቻልም።

ግን የጅማውንም መጨረሻ እናስታውስ። ዋንጫ ያነሳው ክለብ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ወረደ። በአንድ ክረምት የተገዛ ቡድን በአንድ ክረምት ይበተናል፤ ሥሩ ከተማው ውስጥ የለማ።

የእኛው አርባ ምንጭም ከዚህ ውጭ አይደለም። ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሁኑ ስሙ ፕሪምየር ሊግ የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ስም በሊጉ የሚጠራው በፋብሪካው ክለብ በአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። አዞዎቹ በ2010 ወረዱ፣ በ2014 ተመለሱ፣ በ2015 እንደገና ወረዱ፣ በ2017 እንደገና ተመለሱ። በ2014 ሲመለሱ ካስፈረሟቸው መካከል ኬንያዊው ኤሪክ ካፓይቶ ይገኝበታል፤ የኬንያ ፕሪምየር ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነው ከካሪዮባንጊ ሻርክስ የመጣው። የኮንሶና የሞያሌ መንገድ ለሚያገናኘን ጎረቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደጋፊውም በፍቅር ተቀበለው። እኔም የካፓይቶን መምጣት አልቃወምም። አጥቂ ነው፤ ከእሱ ጎን የእኛ ልጅ ይሰለፋል፣ ከእሱ ይማራል፣ ሲወጣ ይተካዋል። የበረኛው ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ለጋሞ ሰው «መጤ» የሚለው ቃል ቀላል ቃል እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ ወርደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ እየሸመኑ ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያስተማሩ ዘመዶች ያሉን ሰዎች ነን። እጁን ይዞ ሌላ አገር ሄዶ የሚሠራ ሰውን ማክበር ከቤታችን የተማርነው ነው። ስለዚህ ክርክሬ ከውጭ በመጣው ሰው ላይ አይደለም፤ እኛ ቤት ውስጥ ለልጃችን ባላዘጋጀነው ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ ረጅም ትምህርት የቀሰሙት አሜሪካኖች ይመስሉኛል። እግር ኳስን ሁለት ጊዜ ከባዶ ጀምረዋል። የመጀመሪያው ሙከራ በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ነው። በ1975 ኮስሞስ የተባለው የኒውዮርክ ክለብ ፔሌን አመጣ፤ በ1977 ቤከንባወር ተከተለው። ስታዲየሞች ሞሉ፣ ክለቦቹ 24 ደረሱ። ሊጉ በየቡድኑ አሰላለፍ ውስጥ ጥቂት የአሜሪካና የካናዳ ልጆች እንዲኖሩ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ ደንቡ ግን ልጆቹ ከየት እንደሚመጡ አልመለሰም። የሚያሳድጋቸው አካዳሚ፣ የሚከፍልላቸው ክለብ አልነበረም። ኮከቦቹ ሲያረጁ፣ ወጪው ገቢውን ሲበልጥ ሊጉ በ1984 የመጨረሻውን ውድድር አድርጎ ተዘጋ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ከ1950 እስከ 1990 ለአርባ ዓመት አንድም የዓለም ዋንጫ አላየም።

ሁለተኛው ሙከራ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሥር ክለብ የተጀመረው ሜጀር ሊግ ሶከር ነው። ይህኛው በጣም ጥንቁቅ ሆኖ ተነሳ። ዛሬ እያንዳንዱ ክለብ በመነሻው ስምንት የውጭ ዜጋ ቦታ ይሰጠዋል። ቦታው እንደ ንብረት ነው፤ አንዱ ክለብ ለሌላው ይሸጠዋል ወይም ይለውጠዋል። አምስት የውጭ ተጫዋች ብቻ የሚፈልግ ክለብ ሦስቱን ቦታ ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ያውላል። በ2007 ቤካምን ለማምጣት ከደመወዝ ጣሪያው ውጭ የሚከፈለው ኮከብ እንዲኖር ፈቀዱ፤ ሜሲ በ2023 ኢንተር ማያሚ የገባው በዚያው በተከፈተው በር ነው። በ2025 ሳንዲዬጎ ሲጨመር ክለቦቹ 30 ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የማረከኝ ሌላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ደንብ አንድ ክለብ በራሱ አካዳሚ ያሳደገውን ልጅ በሊጉ የተጫዋቾች ምርጫ ሳያልፍ በቀጥታ እንዲያስፈርም ፈቀደ፤ የልጁ ደመወዝም ከክለቡ ጣሪያ ላይ እንዳይቆጠር መንገድ ተከፈተ። ያኔ ለክለቡ ልጅ ማሳደግ ትርፍ ሆነ። የቫንኩቨሩ አልፎንሶ ዴቪስ የዚህ ፍሬ ነው። ከላይቤሪያ የተሰደዱ ወላጆቹ ጋና በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወለዱት፤ ካናዳ ወሰዱት፤ ቫንኩቨር በ15 ዓመቱ አስፈረመው፤ ባየርን ሙኒክ በ2018 ገዛው። ማንም «የውጭ ዜጋ» ብሎ አልቆጠረውም። ያሳደገው ክለብ የራሴ ነው ብሎ መዘገበው፤ በገንዘብም በክብርም ተከፈለው።

ከእኛ ወገንም በአሜሪካኖቹ የውጭ ዜጋ ደንብ ውስጥ ያለፉ አሉ። ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂምን በ2007 እ.ኤ.አ. ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ኤፍሲ ዳላስ መረጠው፤ ኋላም ቶሮንቶ ተጫወተ። እዚያው ያደገ ልጅ ስለነበር የውጭ ዜጋ ቦታ አልያዘም። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫው የብሔራዊ ቡድናችንን የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሶ ደቡብ አፍሪካ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. የፋሲል ከነማው ሱራፌል ዳኛቸው ቨርጂንያ ወደሚገኘው ላውደን ዩናይትድ ሲሄድ፣ የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ዲሲ ፓወርን ስትቀላቀል ግን እነሱ እንግዶች ናቸው። የእንግዳ ቦታ በሚገድብ ሊግ አሠልጣኝ ካሉት ጥቂት ቦታዎች አንዱን ለእንግዳው መስጠት አለበት። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ሊግ ለአንድ ክለብ የሚፈቅደው አምስት የውጭ ዜጋ ብቻ ነው። ገደብ ሲባል የእኛን በር ብቻ እያየን ስንከራከር የሌላው አገር ገደብ በእኛ ልጆች ላይ እንደሚሠራ እንዘነጋለን። እዚያ ቦታ የሚያገኝ ኢትዮጵያዊ ከአገሬው ልጅ እኩል ሆኖ አይበቃውም፤ በግልጽ መብለጥ አለበት።

የአፍሪካ አገሮችም መንገዳቸው አንድ አይደለም። ታንዛኒያ በሩን በሰፊው ከፍታ ለአንድ ክለብ አሥራ ሁለት የውጭ ዜጋ ፈቀደች፤ ሲምባና ያንጋ የአህጉሩ ፍጻሜ ደረሱ፤ ስታዲየሙ ሞላ፣ ስፖንሰሩ መጣ። ግብፅ በተቃራኒው አንድ በር ብቻ ዘጋች፤ የውጭ በረኛ አይፈቀድም። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ 45 ዓመት የሞላው ኤሳም ኤል ሃዳሪ መረቡ ስር ቆሞ የሳዑዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን ያየ ሰው፣ በረኛ ማክበር ምን እንደሚያፈራ አይቷል። ግብፅ አጥቂም አማካይም ከውጭ ትገዛለች፤ ጓንቱን ግን ለልጇ አስቀምጣዋለች። እኔ የግብፅን መንገድ እመርጣለሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከደንቡ በፊት ገበያው ገድቦናል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን ብዙዎቻችን ለውጥ የመጣ መስሎን ነበር፤ ከጠረጴዛ በታች የሚከፈለውን ግን ማንም አልገደበውም። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት መቶ ብርን አለፈ። በዶላር የሚከፈል ተጫዋች ለአንድ የከተማ ክለብ በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ ሆነበት። የማይከፍል ክለብ ደግሞ ፊፋ ዘንድ ይከሰሳል፤ የውጭው ተጫዋች መብቱን የሚያስከብርለት ጠንካራ ደጅ አለው፤ የተጣለበትን ቅጣት ያልፈጸመ ክለብ ማስፈረም ይከለከላል። ስድስት ወር ደመወዝ የቀረበት የአገር ልጅ ግን ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ይህ ልዩነት ከቁጥሩ ይልቅ ያመኛል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ለውጭ ተጫዋች ስንከፍለው የነበረው ገንዘብ የት ገባ? ለልጆች ሜዳ ገባ? አይመስለኝም።

ከዲኤስቲቪ ቤቱ ስንወጣ ያ ልጅ ወደ ሚጫወትበት ሜዳ ወሰደኝ። ሜዳ ማለት ይከብዳል፤ ጠጠር ነው። ሁለት ድንጋይ እዚህ፣ ሁለት ድንጋይ እዚያ። በሰፈር ጨዋታ በረኛ የሚሆነው ወይ ትንሹ ነው ወይ ሩጫ የደከመው፤ ይህኛው ግን ሳይጠሩት ሄዶ በድንጋዮቹ መሀል ቆመ። ጎረምሳው በግራ በኩል መሬት ለመሬት መታ። ልጁ ደረሰባት፤ ግን አልወደቀም። ጎንበስ ብሎ በእግሩ አወጣት። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲያው ነው፤ እጁ ይዘረጋል፣ ሰውነቱ አይወረወርም። ለምን እንደማይወድቅ ስጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን አሳየኝ። ቁስሉ ላይ ቁስል አለ። ጠጠር ላይ ሁለት ጊዜ የተወረወረ ልጅ ሦስተኛውን ያስባል።

ያን ክርን ሳይ ብዙ ነገር ገባኝ። በረኛ መውደቅን መማር ያለበት በልጅነቱ ነው፤ ካደገ በኋላ ሰውነት ይፈራል። መውደቅን ለመማር ሣር ያስፈልጋል፣ ሣር ባይኖር አሸዋ፣ አሸዋ ባይኖር ፍራሽ። አርባ ምንጭ ደግሞ ውሃ የቸገራት ከተማ አይደለችም። ስሟን ያገኘችው ከተራራው ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ አባያና ጫሞ ከፊቷ ተኝተዋል፤ ሙዝና ማንጎ የሚያበቅል አፈር አላት። ሙዝ የሚበቅልበት መሬት ሣር ይበቅልበታል። የጎደለን የሚያጠጣና የሚያጥር ሰው፣ ለዚያ ሰው የሚከፈል ጥቂት ደመወዝ፣ ሜዳው ነገ ለግንባታ እንደማይሰጥ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው።

በ2014 ዓ.ም. አዞዎቹን ያሠለጠነው መሳይ ተፈሪ በ2017 ዓ.ም. የዋልያዎቹ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። ከዚህ ሊግ የወጣ አሠልጣኝ የብሔራዊ ቡድኑን በረኛ ሲመርጥ የሚያየው በየሳምንቱ የተሰለፉትን ነው። በአንድ የጨዋታ ሳምንት የሊጉ ግማሽ ክለቦች የውጭ በረኛ ቢያሰልፉ ለምርጫ የሚቀርቡለት ኢትዮጵያውያን የሌላው ግማሽ ክለቦች በረኞች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ግማሹ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑስ?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለፌዴሬሽኑና ለሊጉ አክሲዮን ማኅበር፦ የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር ላይ የምታደርጉትን ክርክር ለጊዜው ተዉትና አንድ መስመር ጻፉ፤ በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ መረብ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ይሁን። ክለቦች እንዲዘጋጁ ሁለት ዓመት ስጡ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እያንዳንዱ ክለብ የበረኞች አሠልጣኝ እንዲቀጥርና ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት በረኞች እንዲያስመዘግብ አስገድዱ። ያሳደገውን ልጅ የሚያሰልፍ ክለብ ከቴሌቪዥኑ ገቢ የተሻለ ድርሻ ያግኝ፤ አሜሪካኖቹ እንዳደረጉት ልጅ ማሳደግ ለክለቡ ትርፍ ይሁን። አጥቂውንና አማካዩን ክፍት ተዉት፤ ካፓይቶም አጎሮም ይምጡ፣ ልጆቻችን ከእነሱ ጋር ተሰልፈው ይማሩ።

ለአርባ ምንጭ ከተማ አስተዳደር ደግሞ፦ ሲቀላ ውስጥ አንድ፣ ሴቻ ውስጥ አንድ የልጆች ሜዳ ለዩ። ስታዲየም አይደለም፤ ሣር የለበሰ፣ አጥር ያለው፣ ውሃ የሚደርሰው ሜዳ። የከተማው ክለብ አንድ የውጭ ተጫዋች ለአንድ ዓመት ከሚፈጅበት ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ሜዳው ግን ከዓመት በላይ ይቆያል።

ልጁ ጠጠሩ ላይ እስኪመሽ ቆየ። ጓንቱን ሲያወልቅ የቀኙ ፕላስተር ተልጧል። ነገ ይጫወት እንደሆነ ጠየቅሁት። ይጫወታል፤ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያው በድንጋዮቹ መሀል ይገኛል። የሚመለከተው ሰው መጥቶ ሊያየው ይችላል።